ካፉር ካፉር የሚል መኪና

ሰይዳ መኪናው ውስጥ አልገባም አለች።

አንድ እግሯን አስገብታ ነበር። ብርድ ስለነበር ሹፌሩ ሁንዴ ሞተሩን አስነስቶ ማሞቂያውን ከፍቶላታል። የሞቀው ነፋስ ከፊት ለፊት መጥቶ ፊቷን ሲመታት በሻሿ አፍንጫዋን ያዘች፤ ያስገባችውን እግር መልሳ ጭቃው ላይ አሳረፈች። አማቷ አዴ መሪየም ከኋላ መጥተው አንገታቸውን አስገቡ፤ አሸተቱ፤ አወጡ። ከዚያ የምራታቸውን ክንድ ይዘው ወደ ቤት። በሩን ዘጉት።

"እንዴት ያሉ ናቸው!" አለ ሁንዴ፤ መሪውን በመዳፉ እየመታ።

"ዝም በል" አለችው ወለተኢየሱስ።

ዝናቡ ላይ ቆማ ቀረች። ቦርሳዋ በእጇ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይዳ የያዘችው ሦስተኛ ልጇን ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ምጥ ላይ ቀርተዋል። ይሄኛው ደግሞ አግድም ተኝቷል። ወለተኢየሱስ ሮቤ ክሊኒክ ያለች አዋላጅ ነች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ሲናና ገጠር ትወጣለች። የሰይዳን ሆድ ሦስት ጊዜ ዳስሳለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ጭንቅላቱ ግራ ጎን፣ መቀመጫው ቀኝ ጎን። አግድም የተኛ ልጅ በአዋላጅ እጅ አይወጣም። ጎባ፣ ቢላ የሚይዝ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ ያውም ውሃዋ ሳይፈስ። ቀኗ ደርሷል፤ ቢበዛ ሳምንት ቢቀራት ነው። በቃሬዛ ቢሉ በዚህ በመጋቢት ጭቃ ለስምንት ጎረምሳ ሙሉ ቀን ነው። በበቅሎ የማይታሰብ። በክሊኒኩ ላንድሮቨር ግን ከሁለት ሰዓት አይበልጥም።

እና አልገባም አለች።

ወለተኢየሱስ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"አካም ቡልተን፣ አዴ መሪየም? ደህና አደሩ?"

"ነጋ። ሰላም ነው። ሻይ ጠጪና ሂጂ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።"

"ሻይ አልፈልግም። ለምን መለሷት?"

አዴ መሪየም ሻዩን ቀዱ። ሰይዳ ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ቀና አትልም።

"ሬሳ ይሸታል" አሉ አሮጊቷ።

"የሻገተ ነው የሚሸተው። ዝናብ ገብቶበት ነው። የሬሳ ሽታ እኔ አላውቅም? ስንት ሬሳ ገንዣለሁ።"

"የበሰበሰ ሬሳ መቼ አልኩሽ? የታጠበ ሬሳ ነው ያልኩሽ።"

ወለተኢየሱስ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

"በዚህ እጄ ስንቷን ሴት አጥቤያለሁ መሰለሽ። በመጨረሻው ውሃ ላይ ካፉር እናደርጋለን። ነጭ ነው፣ እንደ ጨው። ሲሸቱት አፍንጫ ውስጥ ይቀዘቅዛል። መኪናችሁ ካፉር ካፉር ይላል። ከሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለው። እናንተ ክርስቲያኖቹ ላይገባችሁ ይችላል፤ ለእኛ ግልጽ ነው።"

"መኪናው የታመመ እንጂ የሞተ አይጭንም።"

"በግርግሩ ዓመትም እንዲያ ይሉን ነበር። እንዲህ ያለ መኪና፣ እንዲህ አረንጓዴ፣ የዚህን ሰፈር ስንት ልጅ ጭኖ ሄደ። አንዱም ተቀምጦ አልነበረም።" ሻዩን አቀረቡላት። "የምታምጥ ሴት ሰውነቷ ክፍት ነው። ሽታ ይገባል። ሁለት የልጅ ልጅ ቀብሬያለሁ። ሦስተኛውን ሬሳ በተኛበት ላይ አላስተኛም። ወላሂ አላስተኛም።"

"ሽታው ቢጠፋስ?"

"ሽታ ዝም ብሎ አይጠፋም። ሰው ነው የሚያጠፋው። ያጠፋው ሰው ደግሞ ለምን እንዳጠፋው ይንገረኝ።"

ሻዩን አልጠጣችውም። ወጣች።

ወለተኢየሱስ ሰው ቶሎ አታምንም። አባቷ ጎባ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ "አፉን ተይውና እጁን እዪው" እያሉ ነው ያሳደጓት። መንገድ ላይ የሁንዴን እጅ ስታይ መጣች። መሪው ላይ ነው፤ አርፎ አይቀመጥም።

ሽታው የጀመረው ዝናቡ ሲጀምር፣ የካቲት አጋማሽ ነው። ማሞቂያው በተከፈተ ቁጥር እርጥብ ጆንያ፣ እርጥብ ጆንያ ይል ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ገብረ መድኅን አንድ ቀን ወደ ጎባ ሄደውበት አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ። ሁንዴን ግቢው መሀል አቁመው "ይሄን ሽታ ታስወጣለህ ወይስ አንተን ላስወጣህ?" አሉት። ከዚያ ወዲህ ሽታው ቀለል ብሎላት ነበር። እንዴት እንደቀለለ አልጠየቀችም። አሁን ጠየቀች፤ ራሷን።

ጎባ ሐኪም ቤት ሰው ይሞታል። የሞተውን አገሩ መልሶ ለመቅበር መኪና የሚለምን ዘመድ ደግሞ አይጠፋም። በድብቅ፣ በእሁድ፣ ላንድሮቨር ያለው ሹፌር ከተገኘማ።

"ጥር ላይ ሦስት እሁድ የት ነበርክ?" አለችው።

"ጥር?" ሁንዴ ሳቀ። "ሲስተር ደግሞ! ጥርን ማን ያስታውሳል?"

"እኔ።"

"እሁድ እሁድማ ቤተክርስቲያን ነኝ።"

"ላንድሮቨሩስ?"

"ላንድሮቨሩ ምን?"

"እሱም ቤተክርስቲያን ነበር? ቅዳሜ ማታ ያየሁት ኪሎሜትር ሰኞ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ጨምሮ ነበር። ሦስቱንም እሁድ፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስምንት።"

"ቆጣሪው ተበላሽቷል።"

"ሲበላሽም ልኩን ያውቃል።"

ሁንዴ ማርሽ ቀየረ፤ መቀየር ሳያስፈልገው።

ጥር ላይ ያየችውን ለአቶ ገብረ መድኅን አልተናገረችም ነበር። ትእዛዙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ መኪናው እሁድ ከግቢ ከወጣ ሹፌሩ ሰኞ ሥራ የለውም። ብትናገር ሌላ ሹፌር እስኪመጣ ገጠር አትወጣም። ስለዚህ ዝም አለች። አሁን ዝም ማለቷ አንገበገባት። እሷ ዝም ባለችበት መኪና ውስጥ ሬሳ ተመላልሶ ከሆነ፣ ሰይዳን ያስቀረቻት እሷ ራሷ ናት።

ክሊኒክ እንደደረሱ ቀጥታ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ገባች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጥጡ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ አለ። ካምፎር ይሉታል። ከዘይት ጋር ትለውሰውና ወገብና ጉልበት ለሚያመው ትቀባዋለች። ማንም አይሰርቀውም ብላ ቆልፋበት አታውቅም። አወረደችው። ነጭ ነው፣ እንደ ጨው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ምንም አልሸተታትም። ሌላ ጊዜም አይሸታትም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጇ ይሄንኑ ሲሸት ኖሯል። አፍንጫዋ ግን ውስጡ ቀዘቀዘ።

ካፉር ማለት ይሄ ነው።

ጠርሙሱ ደግሞ ግማሽ ሆኗል። ጥምቀት ሰሞን ሙሉ ነበር።

ሬሳውንም ይጭናል፤ ካፉሩንም እየሰረቀ ለአጣቢዎች ያቀብላል። እንዲያ አሰበች። ሁለቱ ነገር እንዲህ ተገጣጥሞ ሲገኝ ሌላ ምን ይታሰባል? እርሳስ አውጥታ ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ ካምፎሩ በደረሰበት ልክ፣ ቀጭን መስመር አሰመረች። መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ረቡዕ ማለዳ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መጥታ አየች። መስመሩና ካምፎሩ ተለያይተዋል። የጣት ጥፍር ያህል።

ወደ ግቢው ወጣች። ሁንዴ ላንድሮቨሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ጀርባው ወደ እሷ ነው። ከፊተኛው ጎማ በላይ፣ ቀኝ ፓራፋንጎው ላይ፣ ነፋስ ወደ ማሞቂያው የሚገባባት ወንፊት አለች። በሾርባ ማንኪያ ነጩን እየጨለፈ በወንፊቷ ቀዳዳ ይጨምራል። በጣቱ ይገፋል። ልክ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው።

"ጉንፋን ይዞታል?" አለችው።

ማንኪያው ወደቀ።

"ሲስተር፣ በማርያም..."

"ማርያምን ተዋትና ንገረኝ። ስንት ሬሳ ጫንክ?"

"ምን?"

"ሬሳ። ከጎባ። በእሁድ።"

ሁንዴ ዓይኑ ፈጠጠ። "ሬሳ? እኔ? ሲስተር፣ እኔ የዶሮ ሬሳ እንኳን የምፈራ ሰው! ሽታ ሊያጠፋልኝ ነው እንጂ! ጋሽ ገብረ መድኅን ያሉትን ሰምተው የለ? ሎሚ ሞከርኩ፣ ጤና አዳም ሞከርኩ፣ የሚስቴን ሽቶ ሳይቀር ጨረስኩባት፤ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። ይሄ ነጩ ብቻ ነው የበረታልኝ። አንድ ማንኪያ ሁለት ቀን ያቆያል።"

"ይሄ ነጩ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"መድኃኒት።"

"ሬሳ የሚታጠብበት ነው። ሲናና ሙሉ አፍንጫውን ይዞ የሚሸሽህ ለዚህ ነው። ሰይዳን ከመኪናው የመለስካት አንተ ነህ፤ በማንኪያ።"

ሁንዴ ማንኪያውን አየው። ከመሬት አላነሳውም።

"እኔ... ወላሂ አላውቅም" አለ፤ ክርስቲያኑ ሰው።

ደንግጧል። ድንጋጤው እውነት ነው፤ እጁ ከንፈሩ ላይ ነው። ወለተኢየሱስ ግን ግማሹን ብቻ አመነች። ሽታ ያስቸገረው ሹፌር ማሞቂያውን ከፍቶ ያያል። ይሄ አምስት ሳምንት ሙሉ በቀዳዳ ያጎርሳል።

"ለምን አልከፈትከውም?"

"ክዳኑን የያዙት ቪቴዎች ዝገዋል።"

"ካቻቢቴውን ስጠኝ።"

"ሲስተር፣ ልብስዎ ይበላሻል፣ ዘይት ነው..."

"ካቻቢቴውን!"

ሰጣት። ኮፈኑን አነሳች። ቪቴዎቹ አልዛጉም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ወጡ። ሁንዴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። የቆርቆሮውን ሳጥን ክዳን አላቀቀች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መለሳት። ተመልሳ አየች።

ሳጥኑ እስከ አፉ እብቅ ነው። ጥቁር፣ ረግረግ ያለ፣ እንደ ጭቃ የተለሰነ የገብስ እብቅ። ላዩ ላይ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ካፉሩ እዚህም እዚያም እንደ በረዶ ተቀምጧል። ከሥር ደግሞ፣ የሞቀ ውሃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች አጠገብ፣ ፍሬው በቅሏል። ቁጭ ብሎ ጣት የሚያህል ነጭ ቡቃያ አውጥቷል።

"ብቅል!" አለች። "ሁንዴ፣ ብቅል አስረግዘኸዋል። ጌሾ ብቻ ነው የጎደለህ!"

ሁንዴ አልሳቀም። መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

"የአባቴ ገብስ ነው" አለ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። አባቱ አቶ ሙለታ፣ ከሰይዳ ሰፈር ወንዝ ማዶ ናቸው። ታላቅ ወንድሙ በግርግሩ ከሄደ አልተመለሰም፤ በሬዎቹ አርጅተዋል፤ ሽማግሌው ብቻቸውን። ጥር ላይ ምርቱ አውድማ ላይ ነበር። ሰማዩ ደግሞ ያጉረመርማል። ሦስት እሁድ ሄደ። እሱ ገብሱን በመንሽ ለነፋስ ሲሰጥ አባቱ ይጠርጋሉ። የሞላውን ጆንያ እንዳይርቅበት ብሎ ላንድሮቨሩን አውድማው ጥግ፣ ከነፋስ በታች አቆመው። ለነፋስ የሰጡትን ሁሉ ላንድሮቨሩ በወንፊቱ ተቀበለ።

"ሾፌር ነኝ ትላለህ ደግሞ!" አለች ወለተኢየሱስ። "የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳን ከነፋስ በታች አይቆምም።"

"ቸኩዬ ነው። ዝናቡ መጣብኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መሽተት ሲጀምር ገባኝ። ግን እዚህ ብከፍተው ዘበኛው ያያል። ጋራዥ ብወስደው ለጋሽ ገብረ መድኅን ይነገራል። እብቅ ጎባ መንገድ ላይ የለም፤ ሮቤ ገበያ የለም። አውድማ ላይ ነው ያለው። ሳጥኑ ራሱ ይመሰክርብኛል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሲስተር፣ ሰው ሳይመጣ ከጓሮ ይቀበር። እለምንዎታለሁ። አራት ልጅ አለኝ።"

ወለተኢየሱስ እብቁን በእጇ እየዛቀች ባልዲ ውስጥ ጣለች። እቀብረዋለሁም አላለች፣ አልቀብረውምም አላለች።

ሳጥኑን አወጡት። በፈላ ውሃና በልብስ ሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበ። የሳጥኑ ወለል ላይ ውሃ የሚወጣባት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ እብቁ ደፍኗታል፤ በጸጉሯ መርፌ ወጋቻት፤ ጥቁር ውሃ ተንፎለፎለ። የማራገቢያውን ምላስ አንድ በአንድ በጨርቅ ወለወለች። ካፉሩ የነካውን ሁሉ በአልኮል አበሰች። ሁንዴ ወንፊቷን በሽቦ ሲፈትግ፣ እሷ ባልዲውን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ሲያያት ልብ አላለም፤ የወተት ዱቄት ጣሳም ይዛ ነበር።

አቶ ገብረ መድኅን ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። የማሞቂያው ሳጥን ከአንሶላዎቹ አጠገብ ገመድ ላይ ተሰቅሏል።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ማሞቂያ" አለች።

"ምን ሆኖ?"

"ይሸታል።"

"ምክንያቱስ? ምን ገብቶበት ነው?" ሁንዴን አዩት። ሁንዴ ጎማ ያያል።

"ዝናብ" አለች። "ይለፉኝ፣ መርፌ የሚጠብቅ ሰው አለ።"

አለፏት። ግን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩ።

በዚያን ቀን ፀሐይ አልወጣችም። ሐሙስም አልወጣችም። እርጥቡን ቢገጥሙት ያው ነው፤ ሽታው በሳምንቱ ይመለሳል። ሁንዴ የወይራ ፍልጥ ተሸክሞ መጣ። "እንጠነው፣ ሲስተር። እናቴ የወተት ቅሏን እንዲህ ነው የምታደርገው። አንድ ጭስ ቢገባበት ሽታ የሚባል አይነሳም።"

"እናትህ ቅሉን እርጥቡን ታጥናለች?"

"ኧረ! ሲደርቅ ነው እንጂ።"

"እሱም ይድረቅ። ሲደርቅ ደግሞ ምንም አይገባበትም። ጭስም፣ ሽቶም፣ ምንም። አዴ መሪየም የሚያሸቱት ነገር ባገኙ ቁጥር 'ከሥሩስ ምን ሸፍነዋል?' ነው የሚሉት።"

መርፌ የሚቀቀልበት ክፍል ውስጥ፣ ፕሪሙሱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ስትገባ ታገላብጠዋለች፤ ስትወጣ ታገላብጠዋለች። አንዱ በሽተኛ "ይሄስ ምን አሞት ነው?" ብሎ ጠየቃት። "አግድም ተኝቶ" አለችው።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ወዚር መጣ። የሰይዳ ባል ነው። በቅሎዋ አፏ አረፋ ነው፤ እሱም እስከ ጉልበቱ ጭቃ።

"ወገቧን ይዟታል" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ። ውሃ አልፈሰሰም። እናቴ እምቢ ብላለች። እኔ ነኝ በራሴ የመጣሁት።"

"ሁንዴ!" ብላ ጮኸች።

ሳጥኑን ገጠሙት። ማሞቂያው ተከፈተ። ሁንዴ አፍንጫውን ነፋሱ ላይ አድርጎ "ምንም!" አለ። ወለተኢየሱስ የእሱንም አፍንጫ አላመነችም፤ የራሷንማ ድሮም አታምን። ወዚርን ጎትታ "አሽት" አለችው።

"ቆርቆሮ ይሸታል" አለ ወዚር። "የሞቀ ቆርቆሮ።"

"ግባ።"

ከመግባቷ በፊት ተመልሳ ቁም ሣጥኗን ከፈተች፤ ከጋቢዋ ሥር አንድ ነገር አነሳች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

አዴ መሪየም በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ከውስጥ የሰይዳ ድምፅ ይሰማል፤ አጭር ነው፣ ጥርስ ተነክሶ የሚወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተደርድሯል።

"መጣሽ?"

"መጣሁ። ያሽትቱት።"

አሮጊቷ ልጃቸውን ወዚርን በዓይናቸው ገርፈው አለፉት። ላንድሮቨሩ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። በሩን ዝጉልኝ አሉ፤ ተዘጋ። ማሞቂያው ተከፈተ። ቅል የሚመርጥ ሰው እንደሚያደርገው፣ አፍንጫቸውን ነፋሱ መውጫ ላይ ደፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። አንድ የሰይዳ ምጥ ጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ቆዩ።

ወጡ።

"ካፉሩ የለም" አሉ። "ሻጋታውም የለም።"

"እንግዲያው..."

"ታጥቧል።"

"አዎ፣ ታጥቧል!"

"ሬሳም ይታጠባል።" ወለተኢየሱስን ዓይን ዓይኗን አዩ። "ምን ነበረበት የታጠበው? ማክሰኞ ዝናብ ነው አልሽኝ። ሐሙስ ጥርግ አድርገሽ መጣሽ። ሰው የሚያጥበው የሚደብቀው ሲኖረው ነው። ንገሪኝ ብዬሽ ነበር።"

ሁንዴ ወለተኢየሱስን አየ። ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ አይሆንም እንደማለት። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሃያ ይሆናል።

ከውስጥ ሰይዳ ጮኸች። ይሄኛው አጭር አልነበረም።

ወለተኢየሱስ ቦርሳዋን ከፈተች። የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣች። ክዳኑን ፈልቅቃ አዴ መሪየም እጅ ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ ነው የነበረው። ካፉሩን ያደረግነው እኛ ነን፤ ይሄ እንዳይሸት። የክሊኒክ መድኃኒት ነው። ለእናንተ ምን እንደሆነ አላወቅንም።"

አሮጊቷ አሸተቱ፤ ፊታቸው ተጨማደደ። ጣታቸውን ከተው እብቁን ቆፈሩ። ነጩን ቡቃያ ይዘው አወጡ፤ ከሥሩ የተንጠለጠለችውን ፍሬ በጥፍራቸው ላጧት።

"ጥቁር ገብስ" አሉ። "ይሄን የሚዘራ በዚህ አገር አንድ ሰው ነው። ሙለታ ነው፤ ወንዝ ማዶ ያለው።" ቀና ብለው ሁንዴን አዩት፤ መጀመሪያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ግንባሩን። "አንተ የሙለታ ልጅ ነህ?"

ሁንዴ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"ጥር ላይ ሽማግሌው ያን ሁሉ ምርት ብቻውን እንዴት አስገባው እያልን ስንገረም ነበር። ጂኒ ረድቶት ነው ያለም አለ።" ጣሳውን ከደኑት። ከዚያ ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። "ለእብቅ ካፉር! አስተግፊሩላህ! ገብስ አጥባችሁ ገነዛችሁ እኮ! ቅል አጥባችሁ አታውቁም? ሚስት የለህም አንተ?"

"አኩርፋኛለች" አለ ሁንዴ።

አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ።

"ወዚር!" አሉ አዴ መሪየም፤ ሳቁ ካፋቸው ሳይወርድ ድምፃቸው ተለውጦ። "ምን ቆመሃል? ሚስትህን አምጣ! ቢስሚላህ በል!"

ሰይዳን በጋቢ ተሸክመው አመጧት። ኋላ ላይ በጎኗ አስተኟት፤ ጭንቅላቷ ወለተኢየሱስ ጭን ላይ ነው። ወዚር እግሯ ጋ ተጣጥፎ ገባ። አዴ መሪየም ከፊት ተቀመጡ። ጣሳውን በወንበሩ ጀርባ በኩል ወደ ኋላ ለወለተኢየሱስ አቀበሏት።

"ማሞቂያውን ክፈተው፣ የሙለታ ልጅ። ልጅቱ በረዳት።"

ከፈተው። ሰይዳ ነፋሱ ሲደርሳት ትንፋሿን ያዘች፤ ከዚያ ለቀቀችው።

መንገዱ ጭቃ ነው። ሁንዴ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳው። ሮቤን በአሥር ሰዓት አለፉ፤ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ አቶ ገብረ መድኅን ቆመው ነበር፤ እጃቸውን አነሱ፤ ማንም አልቆመላቸውም። ወለተኢየሱስ አንድ እጇ የሰይዳ ሆድ ላይ ነው፤ ምጡን ትቆጥራለች። ልጁ ያው አግድም ነው። ልቡ ይመታል። ውሃው አልፈሰሰም።

ሁንዴ በመስታወት አያት። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ተናገረ።

"እቀብረዋለሁ ብለው ነበር።"

"አላልኩም።"

"ጣሳው ለጋሽ ገብረ መድኅን ነው?"

አዴ መሪየም ከፊት ሆነው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ "የኛ ሰፈር ሰው አፍ የለውም" አሉ። "ለእንዲህ ያለው ነገር። ጣሳ ግን አፍ አለው።"

ሁንዴ መንገዱን አየ። አንገቱ ቀልቷል። የጎባ ባሕር ዛፎች ብቅ አሉ፤ ከዚያ ቆርቆሮዎቹ፣ ከዚያ ከከተማው በፊት ያለው ድልድይ። ወንዙ ሞልቶ ቡናማ ሆኗል። የላንድሮቨሩ ጎማ የድልድዩን እንጨት ሲረግጥ ሰይዳ የወለተኢየሱስን ጣት ጨመቀች።

ወለተኢየሱስ በሌላው እጇ መስኮቱን ከፈተች። ጣሳውን ወንዙ ውስጥ ወረወረች። መስኮቱን ዘጋች።